ጭሱ ወዴት ይሄዳል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ፣ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ከሆነችው ከእንጅባራ ሲደርስ፣ ከዚያም በአዲስ ቅዳም አድርጎ ወደ ዳንግላ ሲያመራ፣ ዓይኑን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ የቆመው የዲከረንስ ዛፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በየዛፉ መካከል ከአፈር ክምር ውስጥ እየተጎተተ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጭስ ነው። በመንገዱ ዳር ተደርድሮ መኪና የሚጠብቀው የከሰል ጆንያ የሁለቱን ታሪክ አሟልቶ ይናገራል።

መንገደኛው ዛፉን አይቶ ልምላሜውን ያደንቃል፤ ከሰሉን አይቶ ዋጋውን ይጠይቃል። ጭሱን አይቶ ግን ዓይኑን ከማሸት በቀር አንድም ነገር ሲጠይቅ አይሰማም። እኛ ዛሬ ልንጠይቅ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ምንስ ይዞ ይሄዳል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ አንባቢን ከፋግታ ለኮማ ማሳ አንሥቶ፣ በዳንግላ የወተት መግፊያ በኩል አሳልፎ፣ የዘመናችን የኬሚስትሪ ሊቃውንት በብርቱ ከሚመራመሩበት ሥፍራ ያደርሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛፉ በረከትና ሥጋቱ

ዲከረንስ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ ትውልዱ ከወደ አውስትራሊያ ነው። ይሁን እንጂ በአዊ ደጋ፣ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው እንደ ገዛ ልጁ አድርጎ አሳድጎታል። ችግኙን በተከለበት በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ ዛፉ ከፍ ሲል ደግሞ ከሥሩ የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል፤ መሬቱንም እንደገና አርሶ ይዘራዋል። ዛፉ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለ ሆነ ከአየር ናይትሮጂን እየሳበ የደከመውን አፈር ያበረታል። ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ የብዙ ቤት ጀበና ያፈላል። በዚህ ዛፍ ምክንያት ሣር ቤቱን በቆርቆሮ የለወጠ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሰደደ ገበሬ ጥቂት አይደለም።

ዳሩ ግን በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ነፋስ ያሰጋዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን የሚያጠቃ የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ተካይ አስጨንቋል። አንድ ዛፍ ተክሎ፣ ከዚያውም ዛፍ አንድ ሸቀጥ ብቻ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው፣ ዛፉ የታመመ ቀን አብሮ ይታመማል። ስለዚህ ከአንዱ ዛፍ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሀብት ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ለመሆኑ እንጨት ሲከስል ምን ይሆናል? አክሳዩ የተቆረጠውን እንጨት ይከምራል፤ በሣርና በቅጠል ይሸፍነዋል፤ በላዩም አፈር ይመልስበታል፤ እሳት ለኩሶም አየር በጥቂቱ ብቻ እንዲገባ አድርጎ ለቀናት ይጠብቃል። የጠበቃ ትምህርቱ ጭሱ ነው። በመጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ጭስ አብዛኛው የእንጨቱ እርጥበት ነው። ቀጥሎ ወደ ቢጫ ያዘነበለ፣ ወፍራምና ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ይመጣል። በመጨረሻ ጭሱ ቀጥኖ ሰማያዊ ሲመስል አክሳዩ «ደርሷል» ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ፊደል ባይቆጥርም በዓይኑ የሚያነበው ኬሚስትሪ ነው።

ሒሳቡ ግን ያሳዝናል። በአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 25 ኪሎ ቢሆን ነው። የቀረው ከፊሉ እዚያው ይነዳል፤ ከፊሉም ያ ቢጫ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ጭሱ ውስጥ ደግሞ ያለው እንዲያው ጥላሸት ብቻ አይደለም። ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድ አለ፤ ሜታኖል የሚባለው የእንጨት አልኮል አለ፤ ከእነዚህም ሌላ የእንጨቱ ማጣበቂያ ከሆነው ከሊግኒን ተሰባብረው የወጡ፣ ሽታቸው የከረረ፣ ለመድኃኒትም ለሽቶም ለነዳጅም መነሻ ሊሆኑ የሚችሉ በመቶ የሚቆጠሩ ነገሮች አሉ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አውሮፓ የሰበሰበችው፣ በኋላም የተወችው

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች እንጨትን በብረት ጋን ውስጥ ዘግተው በማክሰል፣ ጭሱን በቀዝቃዛ ቧንቧ አሳልፈው ወደ ፈሳሽ ይለውጡት ነበር። በዚያን ጊዜ ሜታኖል፣ የኮምጣጤ አሲድና አሴቶን በብዛት የሚገኙት ከዚሁ ነበር። በ1923 አንድ የጀርመን ፋብሪካ ሜታኖልን ከጋዝ በብዛት መሥራት በጀመረ ጊዜና ቀጥሎም የነዳጅ ዘይት በረከሰ ጊዜ፣ የእንጨቱ ጭስ ዋጋ ወደቀ፤ ጥበቡም ተረሳ።

ዛሬ የነዳጅ ዘይት ዘመን እንደማይዘልቅ በታወቀ ጊዜ ሊቃውንቱ ወደ እንጨት ተመልሰዋል። ነገር ግን አንድ ችግር ገጥሟቸዋል። ከጭስ የቀዘቀዘው ፈሳሽ ባሕርዩ አስቸጋሪ ነው። ከፊሉ ውሃ ወዳድ፣ ከፊሉ ዘይት ወዳድ ነው። ብረት የሚበላ ኮምጣጣ ነው። እንደ አረቄ አሙቀው በትነው ሊለዩት ሲሞክሩ ይወፍርና ሬንጅ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀት ሳይበዛበት፣ ውሃውና ዘይቱ አብረው ባሉበት፣ እያንዳንዱን ነገር ወደሚፈለገው መለወጥ የሚችል አንድ ብልህ ሠራተኛ አስፈለገ። እነሆ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ባለታሪክ ይህ ሠራተኛ ነው።

እንደ ጋብቻ ሽማግሌ

ስሙ ካታሊስት ይባላል። ስሙን በ1835 ያወጣለት ቤርዜልዩስ የተባለው የስዊድን ኬሚስት ነው። ምንነቱን ለመረዳት ግን ስዊድን ድረስ መሄድ አያሻንም፤ በአገራችን የጋብቻ ሽማግሌ አለ። ሁለት ቤተ ሰቦች በጎረቤትነት ሃያ ዓመት ቢኖሩ፣ የሚሄድ ሽማግሌ ከሌለ ልጆቻቸው አይጋቡም። ሽማግሌው ሲላክ ግን ነገሩ በጥቂት ቀን ያልቃል። ሠርጉ ሲደገስ ሽማግሌው ራሱ አያገባም፤ ከነክብሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለሌላ ጋብቻ ይላካል። ካታሊስትም እንዲሁ ነው። ሁለት ነገሮችን ያገናኛል፤ ያፋጥናል፤ ራሱ ግን ሳያልቅ ይቀራል።

ጥሩ ሽማግሌ ሌላም ጠባይ አለው። ታላቂቱን እንዲጠይቅ ተልኮ ታናሺቱን ይዞ አይመጣም። ኬሚስቶች ይህን መራጭነት ይሉታል። ለምሳሌ ያህል በሻያችን የምንጨምረውን ቀረፋ እንውሰድ። የቀረፋን ሽታ የሚሰጠው ነገር ሃይድሮጂን ሊገባባቸው የሚችሉ ሁለት በሮች አሉት። በአንደኛው በር ቢገባ ለሽቶ የሚፈለግ አልኮል ይሆናል፤ በሁለተኛው ቢገባ ሌላ ነገር ይሆናል። ፓላዲየም የተባለው ማዕድን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ይህን ሁለተኛውን በር ነው፤ የመጀመሪያውን ለማስከፈት እንደ ፕላቲነም ያለ ሌላ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ያውም ተመክሮ ይላካል። አለመምረጥ የሚያስከትለውም ጉዳት ቀልድ አይደለም። ፈሳሽ ዘይት በሃይድሮጂን ሲረጋ ከፊሉ ተለውጦ ልብን የሚጎዳ ትራንስ ስብ ይሆናል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ይህ ስብ በፋብሪካ ከሚሠሩ ምግቦች ፈጽሞ እንዲወገድ በ2018 ለዓለም ጥሪ አድርጓል።

ካታሊስት ብዙ ጊዜ የሚሠራው በገላው ላይ ስለ ሆነ፣ ባነሰ ቁጥር ሥራው ይበረታል። አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የብረት ኩብ ቢኖረን፣ ስድስቱ ፊቶቹ ተደምረው ስፋታቸው 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆነ ትንንሽ ኩቦች ብንቆራርጠው ግን ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ናኖ ሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ማዕድኑ አንድም አልጨመረም፤ የሥራ ቦታው ግን ከቁራጭ ስኳር ወደ ሰፊ ግቢ ተለወጠ።

ትንሽነት ጠባይም ይለውጣል። ወርቅ ዝገት እንደማያውቀው የአንገት መስቀል ያሠራ ሁሉ ያውቃል። ኬሚስቶችም ብዙ ዘመን ወርቅን ለሥራ የማይነሣ ሰነፍ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1987 ማሳታኬ ሃሩታ የተባለ ጃፓናዊ ባልደረቦቹን ይዞ ወርቅን ወደ ጥቂት ናኖ ሜትር ቢያደቀው፣ ያ ሰነፍ የተባለው ወርቅ መርዛማውን የከሰል ጭስ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ሳይቀር ሲያቃጥል ተገኘ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደግ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ የደቀቀ ሠራተኛ ከፈሳሽ ውስጥ እንዴት ተለቅሞ ይወጣል? በወንፊት ቢያጠሩት ያልፋል፤ ቢያስቀምጡት አይዘቅጥም። ፓላዲየምና ፕላቲነም ደግሞ ከውድ ማዕድናት ወገን ናቸው። ሽማግሌው በየሠርጉ የሚጠፋ ከሆነ ሀብታሙም አገር አይችለውም፤ ድኻው አገርማ ምን ይለዋል?

የዳንግላ ቅል የሚያስተምረን

መልሱን ለማግኘት ከፋግታ ወደ ዳንግላ እንውረድ። በዳንግላና በአካባቢው፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ይረጋል፤ እርጎው በመግፊያ ቅል ወይም እንስራ ይደረጋል፤ እናቲቱም ወዲያና ወዲህ እያደረገች ትገፋዋለች። ጆሮዋን ጥላ ድምፁን ታዳምጣለች፤ በቀዳዳው ሰበዝ ሰድዳ ትመለከታለች። ሰበዙ ጠርቶ ሲወጣ ቅቤው ተለይቷል ማለት ነው። የቀረው አሬራ ይባላል፤ እርሱም ሲሞቅ አይብና አጓት ይሆናል።

በቅሉ ውስጥ የተደረገው ምንድን ነው? ወተት ማለት በውሃ ውስጥ የተበተነ የስብ ጠብታ ነው። ስብና ውሃ እንደማይስማሙ የታወቀ ሲሆን፣ በወተት ውስጥ ግን ተስማምተው ይኖራሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ የስብ ጠብታ ቀጭን ልብስ ለብሷል፤ ይህ ልብስ ጠብታ ከጠብታ እንዳይቀላቀል ይከለክላል። እንዲህ ያለውን የዘይትና የውሃ አብሮ መኖር ኬሚስቶች ኢመልሽን ይሉታል። እናቲቱ ስትገፋ ጠብታዎቹ እየተጋጩ ልብሳቸው ይቀደዳል፤ ስቡም ከስብ ጋር ይያያዛል። በመጨረሻ ነገሩ ይገለበጣል፤ በፊት ስብ በውሃ ውስጥ ነበር፤ አሁን ውሃው በትንንሽ ጠብታ ሆኖ በስብ ውስጥ ይቀራል። ለጋ ቅቤ ሲነጠር የሚንጣጣው በውስጡ የተደበቀው ይህ ውሃ ነው። ኢመልሽንን ሠርቶ ማኖር ብቻ ሳይሆን በፈለጉ ጊዜ መገልበጥ፣ ባስፈለገም ጊዜ መለየት፣ እንግዲህ በዳንግላ የየሳምንቱ ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስተዋሉት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ራምስደን በ1903፣ ፒከሪንግ በ1907፣ የጠብታው ልብስ እንደ ወተት ለስላሳ መሆኑ የግድ እንዳልሆነ አሳዩ። ፒከሪንግ በፍራፍሬ ዛፎች እርሻ ላይ የሚመራመር ሰው ነበር፤ ሥራውም በዛፍ ላይ የሚረጭ የዘይትና የውሃ ድብልቅ ይነካ ነበር። ያስተዋለውም ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች በጠብታው ዙሪያ እንደ ድንጋይ ካብ ተደርድረው ሊጠብቁት መቻላቸውን ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ድብልቅ የፒከሪንግ ኢመልሽን ይባላል።

ካቡ የሚጸናበት ምክንያት ይህ ነው። ቅንጣቱ ግማሽ ገላው ውሃ የሚወድ፣ ግማሽ ገላው ዘይት የሚወድ ከሆነ፣ ከድንበሩ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ከዚያ ለመንቀል የሚያስፈልገው ጉልበት፣ የ10 ናኖ ሜትር ራዲየስ ላለው ቅንጣት እንኳ፣ በፈሳሹ ሙቀት ከሚያገኘው መገፋት በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ርስት እንዳለው ሰው፣ ከወሰኑ ላይ ቤቱን ይሠራል፤ የሚያስነሣውም አይገኝም።

ሠራተኛው በድንበሩ ላይ

አሁን ሁለቱን ታሪኮች እናጋባቸው። ድንበሩን የሚጠብቀው ካብ ራሱ ካታሊስት ቢሆንስ? በ2010 በአሜሪካ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል ሬሳስኮና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሥራ ይኸው ነበር። ውሃ የሚወደውን ሲሊካ፣ ይኸውም የአሸዋ ዘር የሆነውን፣ ዘይት ከሚወዱ ደቃቅ የካርቦን ቱቦዎች ጋር አጣመሩ፤ በላዩም የፓላዲየም ናኖ ቅንጣት አኖሩ። ይህ ነገር በዘይትና በውሃ መካከል ሄዶ ተቀመጠ፤ ኢመልሽኑንም አጸና፤ ሥራውንም እዚያው ሠራ።

የተመረጠውም የሙከራ ጉዳይ የእኛው የጭስ ጉዳይ ነበር። ይህን ካታሊስት የፈለጉት ከእንጨትና ከእንጨት መሰል ነገሮች የሚገኘውን አስቸጋሪ ፈሳሽ ወደ ነዳጅ ለማቅናት ነው። ከሞከሩባቸው ነገሮች አንዱ ቫኒሊን ነው። ቫኒሊን የኬክን መልካም ሽታ የሚሰጠው ሲሆን፣ ከእንጨት ሊግኒንም ይገኛል። ከውሃው ወገን ያለው ቫኒሊን ወደ ድንበሩ ሲመጣ በፓላዲየሙ ላይ ሃይድሮጂን ያገኛል፤ ኦክስጅኑንም እየተወ ይለወጣል። ኦክስጅኑን ሲተው ውሃ ወዳድነቱም ይቀራል፤ ስለዚህ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ዘይቱ ይገባል። ከካታሊስቱ ራቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። እንጀራ ጋጋሪ ሴት እንጀራው እንደ በሰለ ከምጣዱ ታነሣዋለች፤ ብትተወው ያርራል። በኬሚስትሪም ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ነገሩን ማብሰል ሳይሆን በሰዓቱ ማንሣት ነው። በዚህ ዘዴ ግን የበሰለው ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። መራጭነት የሚገኘው እንግዲህ ከካታሊስቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከተቀመጠበትም ቦታ ነው።

ሠራተኛውን መልሶ ማግኘት

የመመለሱም ነገር መንገድ አግኝቷል። በቻይና የሻንሺ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ያሳዩት ዘዴ የዳንግላን ቅል ያስታውሳል። የሲሊካውን ቅንጣት አሲድ ሲያገኝ ውሃ ወዳድ የሚሆን ልብስ አለበሱት፤ ፓላዲየምም አኖሩበት። ሥራው ሲያልቅ ጥቂት አሲድ ጨመሩ። በወተት ላይ ሎሚ ቢንጠባጠብ ወተቱ እንደሚለይ፣ ይህም ድብልቅ ጠባዩ ተለውጦ ተገለበጠ፤ ካታሊስቱ ወደ ውሃው ገብቶ ቀረ፤ የሚፈለገው ዘይታማ ነገር ለብቻው ተቀዳ። ቀጥሎም አሲዱን የሚሽር ነገር ሲጨመር ሠራተኛው ወደ ድንበሩ ተመልሶ አዲስ ሥራ ጀመረ። በ2016 ደግሞ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጠብታዎቹን በረጅም ቱቦ ውስጥ አጭቀው፣ ዘይቱ በመካከላቸው እየፈሰሰ እንዲያልፍ አደረጉ። ሠራተኛው ከቦታው አይነሣም፤ ሥራው እያለፈ ይሠራለታል። ሌሎች ደግሞ በቅንጣቱ ውስጥ ማግኔት የሚስበው የብረት ዝገት ዘር ያስገባሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ከብርጭቆው ጎን ማግኔት ቢያስጠጉ ካታሊስቱ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል።

የጥቅሙን ልክ ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። ሮጀር ሸልደን የተባለው ኬሚስት በ1992 ባወጣው ስሌት፣ አንድ ኪሎ መድኃኒት ለመሥራት ከ25 እስከ 100 ኪሎና ከዚያም በላይ አተላ ይወጣ ነበር። ጠላ እንኳ አተላው ከጠላው አይበልጥም። ይህም አተላ እንደ ጠላው ለከብት የሚሰጥ አይደለም፤ ብዙው በወንዝና በአፈር ላይ የሚመጣ መርዝ ነው። ከዚህ የተነሣ በ1998 አናስታስና ዋርነር የተባሉ አሜሪካውያን የንጹሕ ኬሚስትሪ ሕግ ብለው ካወጧቸው አሥራ ሁለት መመሪያዎች ዘጠነኛው፣ በተቻለ መጠን መራጭ በሆነ ካታሊስት መጠቀም ይገባል ይላል።

ያልተፈታውን አንደብቅ

ይህን ሁሉ ስንል ነገሩ አልቆ በገበያ የሚሸጥ አስመስለን ልናቀርበው አንሻም። አብዛኛው ገና በትንሽ ብርጭቆ የሚሠራ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ናኖ ቅንጣቶች በሙቀት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይደድራሉ። ማዕድኑ በጥቂቱ እየሟሟ ሊያመልጥ ይችላል፤ አምልጦም ወንዝ ቢገባ ሌላ ጣጣ ነው። የእውነተኛ ጭስ ፈሳሽ ደግሞ እንደ ንጹሕ ቫኒሊን አይታዘዝም፤ ሬንጁ በካታሊስቱ ላይ እየተለጠፈ ዓይኑን ይሸፍነዋል። ሃይድሮጂኑም በነጻ አይገኝም። ስለዚህ በውዱ ፓላዲየም ፋንታ ርካሾቹን ኒኬልን፣ ብረትንና መዳብን ለዚህ ሥራ ማሠልጠን የብዙ ቤተ ሙከራዎች ትግል ሆኗል። የኒኬልን ችሎታ አስቀድሞ ያሳየው ፈረንሳዊው ሳባቲዬ በ1912 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት መሆኑን ማስታወስ ተስፋ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ለአዊ የመጀመሪያው እርምጃ ናኖ ቅንጣት አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ክዳንና ቧንቧ ነው። ከአፈር ክምር ወደ ዝግ የብረት ማክሰያ ቢሸጋገሩ፣ ከዚያው እንጨት የሚገኘው ከሰል ይጨምራል፤ ጭሱም በረጅም ቧንቧ ሲቀዘቅዝ ይጠራቀማል። ከዚህ የሚገኘው የእንጨት ኮምጣጤ በጃፓን ገበሬዎች ዘንድ ለእርሻ አገልግሎት የታወቀ ነገር ነው። የአክሳዩም ሳንባ ያርፋል። ሁለተኛው እርምጃ መመርመር ነው፤ የዲከረንስ ጭስ ውስጥ ምን ምን አለ፣ ስንት ስንት ነው የሚለውን በእንጅባራና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሚማር የኬሚስትሪ ተማሪ ከደጁ ሊያጠናው የሚችል ጥያቄ ነው። ካታሊስቱ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። እዚያም ላይ ቢሆን ከባዶ አንነሣም፤ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሃይድሮጂንን ለማጋባት ከሚላኩት ሽማግሌዎች ሁሉ የታወቀው በከሰል ላይ የተቀመጠ ፓላዲየም ነው። የፋግታ ከሰል ለጀበና ብቻ የተፈጠረ አይደለም ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የኢትዮጵያ ልጅ አይበቃም የሚል ቢኖር፣ የሶስና ኃይሌን ስም እንነግረዋለን። አዲስ አበባ የተወለደችው፣ የታላቁ የግእዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ የሆነችው ይህች ሳይንቲስት፣ በዚያው በ2010 ከባልደረቦቿ ጋር ሴሪያ የተባለውን ኦክሳይድ በተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀት እያጋለች፣ ኦክስጅኑን እንዲለቅ፣ ሲቀዘቅዝም ከውሃና ከተቃጠለ አየር መልሶ እንዲወስድና የነዳጅ መነሻ ጋዝ እንዲያስቀር አድርጋለች። ያው ዕቃ ሳይለወጥ 500 ጊዜ ያህል ተመላልሶ ሠርቷል። ሠራተኛን ሳያጠፉ ደጋግሞ ማሠራት የሚለው ጥበብ እንግዲህ ከወገናችንም እጅ የወጣ ነው።

ለወጣቱ የምንለው

ተማሪ የሆንክ ወጣት፣ ኬሚስትሪን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የባዕድ ፊደል አድርገህ አትየው። እናትህ ቅቤ ስትገፋ ኢመልሽን ትገለብጣለች፤ አባትህ ጭስ አይቶ ቀዳዳ ሲደፍን የእንጨትን መለወጥ ያነብባል። አንተ የምትጨምረው እነርሱ በእጃቸው የሚያውቁትን በቁጥር ማወቅና ከዚያ አንድ እርምጃ ማለፍ ነው። በቢሮ የተቀመጥህ ወጣት ባለ ሥልጣንም፣ የከሰል ፈቃድ ስትሰጥ ጆንያ ብቻ አትቍጠር። ስንት ጆንያ ወጣ ብለህ በጠየቅህበት አንደበት፣ ከስንት እንጨት ወጣ፣ የቀረውስ የት ደረሰ ብለህ ጠይቅ። ከጥያቄው ቀጥሎ የብረት ማክሰያው ይመጣል፤ ከማክሰያው ቀጥሎ ቧንቧው፤ ከቧንቧው ቀጥሎ ተመራማሪው።

ድኻ አገር ውድ ዕቃ ገዝቶ አንድ ጊዜ ሠርቶበት የሚጥልበት አቅም የለውም። ስለዚህ ሠርቶ የሚመለስ፣ ተመልሶም የሚሠራ ሠራተኛን ጥበብ ከሌሎች ሁሉ አስቀድመን ልንማረው የሚገባን እኛ ነን። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ዛሬ ማታም ጭስ ይወጣል። የሚያየው ሰው ዓይኑን አሽቶ ከሚያልፍ፣ ቆም ብሎ ወዴት ይሄዳል ብሎ ቢጠይቅ፣ የሥራው ግማሽ ያን ዕለት ተጀመረ።